እሺ ነገ የተባለው ድንጋይ

ሹፌሩ መኪና መንዳት አይችልም። ለመንጃ ፈቃድ ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ሁለቴም ወድቋል፤ አንዴ ወደ ኋላ ሲያቆም አጥር ገጭቶ፣ አንዴ ደግሞ ፈታኙ ራሱ መንገድ መሃል «በቃ፣ እዚህ ልውረድ» ብሎት። የሥራ ባልደረቦቹ ይህን ሁሉ እያወቁ «ሹፌሩ» የሚል ስም ያወጡለት በፍቅር ነው ይላሉ። ፍቅራቸውን ፈጣሪ ይይላቸው። በአውቶቡስ ተጋፍቶ ይመጣል፣ ሸሚዙን አራግፎ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን ማርስ ላይ የምትሄደውን ባለ ስድስት ጎማ ሰው አልባ ተሽከርካሪ፣ ሮቨሯን፣ የሚነዳው እሱ ነው።

መንዳት ሲባል ታዲያ መሪ ጨብጦ አይደለም። ከዚህ የተላከ ትእዛዝ እዚያ እስኪደርስ አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ «ቁሚ!» ቢላት እስክትሰማው ገደል ገብታ ታርፋለች። ስለዚህ እሷ ስትተኛ እነሱ ይሠራሉ። ይህን ያህል ሜትር ወደ ፊት፣ ይህን ያህል ወደ ግራ፣ ይኸን ድንጋይ ፎቶ አንሺ፣ ያኛውን ሰርስሪ ብለው የቀን ሥራዋን በሙሉ ጽፈው ይልኩላታል። እሷም ስትነቃ የታዘዘችውን ሠርታ፣ ማታዋ ላይ ፎቶዎቹን ልካ ትተኛለች። «ሙሽሪት» ይሏታል፤ ቀስ ብላ ስለምትራመድ፣ ሠላሳ ሰው ስለሚያጅባት፣ አንድ እርምጃ በሄደች ቁጥርም ስለሚጨበጨብላት። የሄደችበት ጉዳይ ግን የሠርግ አይደለም። ማዕድን ፍለጋ ነው።

የማርስ ቀን ከኛ ቀን አርባ ደቂቃ ያህል ይረዝማል። በዚህ ምክንያት የሹፌሩ የሥራ መግቢያ በየቀኑ አርባ ደቂቃ ይገፋል፤ ዛሬ ቁርስ የሆነው ከሁለት ሳምንት በኋላ እራት ይሆናል። ሚስቱ ለጓደኞቿ «የሰው ባል ሲርቅ አገር ቀይሮ ይርቃል፤ የኔው ግን አልጋዬ ላይ እንዳለ በቀን አርባ ደቂቃ ይርቀኛል» ትላለች።

በመሥሪያ ቤቱ የድንጋይ ጉዳይ የሚያልቀው በሦስት ዝርዝር ነው፦ ዛሬ፣ ነገ፣ ይቅር። አንድ የድንጋይ ምሁር «ይቺን ድንጋይ መርምሩልኝ» ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው ከሦስቱ አንዱ ውስጥ ይገባል፤ የሚያስገባውም የዕለቱን ጉዞ የሚጽፈው ሹፌሩ ነው። መካከለኛው ዝርዝር በወረቀት ላይ «የተላለፉ ተግባራት መዝገብ» የሚባል ወግ ያለው ስም ቢኖረውም ሰው ሁሉ የሚጠራው «እሺ ነገ» እያለ ነው። እሺ ነገ ምን ማለት እንደሆነ ቢሮ ውስጥ አንድ ወር የቆየ ሰው ያውቀዋል። እምቢ ቢሉ ያጣላል፤ እሺ ቢሉ ሥራ ያመጣል። እሺ ነገ ከሁለቱም ያድናል፤ ጠያቂው እያመሰገነ ይሄዳል፣ ተጠያቂው እንደተቀመጠ ይቀራል።

ከአራት ዓመት በፊት እሺ ነገ ዝርዝር ውስጥ ሦስት መቶ ድንጋይ ተጠራቅሞ ነበር። ያኔ ሹፌሩ ማንም ሳያዘው፣ በአንድ ከሰዓት፣ አሥራ አንድ መስመር ፕሮግራም ጻፈ፦ ሰባት ጊዜ የተላለፈ ጥያቄ በስምንተኛው ቀን ድምፅ ሳያሰማ ይሰረዛል። ኃላፊው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አንተ ልጅ፣ ሳይንስ ያለው ጭንቅላትህ ውስጥ ነው» አለው። ሹፌሩም ለጀማሪዎች «ማንንም ሳያስቀይም ድንጋይ የሚቀብር ፕሮግራም ነው» እያለ ይኩራራበት ጀመር። እውነትም ማንም አልተቀየመም። የጠየቁት ሰዎች እሺ ነገ ሲባሉ ገብቷቸው ቀድመው ረስተውታል።

ያልገባቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እትዬ መዶሻ።

እትዬ መዶሻ የቤቱ አንጋፋ የድንጋይ ምሁር ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ሥራ በጀመሩበት ቀን ነው፤ የበር ጥበቃው ቦርሳቸውን ሲፈትሽ የእውነት መዶሻ አገኘና «እሜቴ፣ እጅዎ ማርስ ድረስ ይደርሳል እንዴ?» አላቸው። «እጄ ባዶነት እንዳይለምድብኝ ብዬ ነው» አሉት። ሹፌሩ ጀማሪ ሳለ ሙሽሪትን አሸዋ ውስጥ ሊከታት ሲል ወንበር ስበው አጠገቡ የተቀመጡት፣ ጥላ አይቶ የድንጋይን ቁመት መገመት፣ የአሸዋን ልስላሴ ከቀለሙ መለየት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ከድንጋይ ጋር ስለኖሩ ነው መሰል፣ የሰው ቃልም እንደ ድንጋይ ትናንት ያስቀመጡበት ቦታ ዛሬ የሚገኝ ይመስላቸዋል።

ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ ጽሑፍ አሳትመው ነበር። ሙሽሪት አሁን የምትሄድበት ሜዳ ሥር በጥንት ዘመን ፍል ውሃ በስንጥቅ እየወጣ መዳብ አከማችቷል የሚል። ያኔ በስብሰባ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ተነሥተው «ታዲያ ስንሄድ ሳሙና እንያዝ?» ብለው አዳራሹን በሳቅ አናወጡት። እትዬ መዶሻም አብረው ስቀዋል። ሲያስተምሩት አንድ ቀን ይህን ለሹፌሩ ነገሩትና «መሳቁስ ይሁን፤ ግን አንድ ሰው እንኳ ሂሳቡን አላየልኝም» አሉት።

ጡረታ ሊወጡ አምስት ሳምንት ሲቀራቸው፣ ከማርስ በመጣ ፎቶ ላይ አፍንጫቸው እስኪነካ ተጠግተው ቆሙ።

«ሹፌር፣ ና እስቲ፤ ይቺን ተመልከት።»

«ድንጋይ ናት፣ እትዬ።»

«አንተም ሰው ነህ። ሚስትህ ግን ከዚያ ሁሉ ሰው ለይታ አገባችህ። ለይተህ እያት።»

ግማሽ አካሏ አቧራ ውስጥ የተቀበረ ግራጫ ድንጋይ ነበረች። ጠርዟ ላይ እንደ ክር የቀጠነ፣ የተደፈነ ስንጥቅ የሚመስል፣ ፈዘዝ ያለ መስመር ይታያል። ሙሽሪት ካለችበት አሥራ አንድ ሜትር ትርቃለች።

«ፊቷን መሸፈኗን አየህ? ዓይን-አፋር ብያታለሁ። ሦስት ቀን ስጠኝ፤ ትሰርሰርልኝና ከዚያ በኋላ እንኳን ጡረታ፣ መቃብርም ቢሉኝ አልከራከርም።»

«ምን ሟርት ነው እትዬ! እሺ፣ ነገ» አለ ሹፌሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኃላፊው፣ በሌለበት «ኪሎሜትር» የሚባለው፣ ሙሽሪት እንግዶች መሥሪያ ቤቱን ከመጎብኘታቸው በፊት ቢጫው ሸንተረር ሥር እንድትደርስ ይፈልጋል። ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ አሰቅሏል፤ በየቀኑ ቀይ መርፌ ወደ ፊት ይሰካበታል። የቆመ መርፌ ያመዋል።

«አለቃ፣ እትዬ ለአንዲት ድንጋይ ሦስት ቀን ይፈልጋሉ» አለው ሹፌሩ፤ ለሕሊናው ያህል።

«ሸንተረሩ ሥርም ድንጋይ አለ። ማርስ ላይ ያልጠፋ ነገር ቢኖር ድንጋይ ነው። ለእንግዳ ምን ላሳይ? ቀዳዳ?»

ሹፌሩ አልተከራከረም። የዚያን ቀን መንገዱን ሲጽፍ ዓይን-አፋርን በሩቁ መዞር ሁለት ሜትር ይጨምራል ብሎ ጠርዟን አስታክኮ አለፈ። ድንጋይቱም ወደ እሺ ነገ ገባች።

እትዬ መዶሻ በማግስቱ መጡ፤ እሺ ነገ ተባሉ። በሣልስቱም መጡ። እያመሰገኑ ይሄዳሉ፤ ሙሽሪት በቀን ሰማንያ፣ መቶ ሜትር እየሄደች ድንጋይቱ ከኋላ ትቀራለች። ሜዳ ስለሆነ መመለስ ይቻላል፤ እትዬ መዶሻም ይህን አስልተው በእርሳስ ጽፈው ያሳዩታል። «ዛሬ ብንዞር አራት ቀን ነው። ዛሬ ብንዞር አምስት ቀን ነው።» ስድስተኛው ቀን ላይ ብስኩት ይዘውለት መጡ። ብስኩቱን በላ።

ሰባተኛው ቀን መሆኑን ያውቅ ነበር። ይህን እንወቀው። ከዓይን-አፋር ስም ጎን ትንሽ «7» ቁጥር ቆማለች፤ አንድ ጊዜ ተጭኖ «ይታደስ» ቢላት ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል፣ ድንጋይቱም ትተርፋለች። ጣቱን አስጠጋ። ከታደሰች ግን እትዬ መዶሻ ነገም ይመጣሉ፣ ከነገ ወዲያም ይመጣሉ፤ አንድ ቀን ወይ ከሳቸው ወይ ከኪሎሜትር ፊት ለፊት መጋጨት ይመጣል። ፕሮግራሙ ራሱ ይሰርዛት፣ ማንም አልገደላትም ይባላል ብሎ አሰበ። አውቶቡሱም ሊያመልጠው ነው። ኮምፒውተሩን ዘግቶ ወጣ።

በስምንተኛው ቀን እትዬ መዶሻ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው መጡ። «እህሳ ሹፌር፣ ዛሬስ?»

ድንጋይቱ ከዝርዝሩ ላይ የለችም። ሹፌሩ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ፣ «እሺ፣ ነገ» አለ።

ሰው ብዙ ነገር ይሳሳታል፤ ግማሹን ይረሳዋል። ሹፌሩ ይህችን ስምንተኛዋን እሺ ነገ ግን አልረሳትም። የቀሩት ሰባቱ ስንፍና ነበሩ፤ ለስንፍና ሰበብ አይጠፋም። ይህቺኛዋ ሰበብ የላትም።

ከዚያ በአራተኛው ቀን ሙሽሪት ወደ ሸንተረሩ የሚያወርደውን የአሸዋ ቁልቁለት ወረደች። ወርዳ የማትወጣው ቁልቁለት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ተጨበጨበ፤ ኪሎሜትር ቀዩን መርፌ በራሱ እጅ ሰካ። እትዬ መዶሻ አላጨበጨቡም። ወደ ሹፌሩ ጠረጴዛ መጥተው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ዓይን-አፋር የለችም።»

«አዎ... ሲስተሙ ነው እትዬ። ብዙ የቆየ ሲሆን ራሱ ያጠፋዋል።»

«ራሱ?»

«ራሱ።»

«አይ፤ ሲስተም ከሆነማ ከማን ጋር ይጣላሉ» አሉና እርሳሱን ከጆሯቸው አውርደው ኪሳቸው ከተቱት።

የስንብታቸው ቀን በስብሰባ አዳራሹ ኬክ ተቆረሰ። መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለማቸው፤ ከእንግዲህ የሚዘገዩበት ቦታ ለሌላቸው ሰው። ኪሎሜትር ሙሽሪት የሄደችውን ርቀት እያነሣ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ሰምቶ ለወጣ ሰው ሙሽሪት ጡረታ የወጣች ይመስለዋል። እሳቸው ግን አጭር ተናገሩ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ በፍል ውሃ ነዝንዤአችኋለሁ። ይኸው ሜዳውን አቋርጠን ጨረስነው፤ አንድም ማስረጃ አላገኘሁም። ያልተገኘን ነገር አለ ማለት ውሸት ነው። ስለዚህ ላተመልኝ መጽሔት ደብዳቤ ጽፌ ጽሑፌን ስሕተት ነበር ብዬ አነሣዋለሁ፤ ከኋላዬ የሚመጣ ልጅ በኔ ግምት እንዳይንከራተት። አሁን ኬኩን ብሉ።»

ሹፌሩ ከሁሉ አስበልጦ አጨበጨበ። መዳፉ እስኪቀላ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አለፈ። ሙሽሪት ፎቶዎቿን የምትልከው በተራ ነው፤ መጀመሪያ የፊቱ፣ ቀጥሎ የጎኑ፣ ቦታ ከተረፈ የኋላው። የኋላ ካሜራ ፎቶ የሚፈልገው ስለሌለ ሳምንታት ማኅደሯ ውስጥ ይከርማል። አንድ ቀን ሹፌሩ የሚሠራው ሲያጣ የተጠራቀሙትን ሲገላልጥ አንዱ ፎቶ ላይ ቆመ። የኋላ ቀኝ ጎማ ዱካ ይታያል። ዱካው አንዲት ግራጫ ድንጋይ ጠርዝ ላይ ወጥቶ ወርዷል፤ ጠርዙም ተሰብሮ ወድቋል። ከስባሪው ውስጥ ደግሞ፣ በዚያ ሁሉ ቀይ አቧራ መሃል፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል አረንጓዴ።

ቀኑን አየ። የመጀመሪያዋ እሺ ነገ ቀን ነበረች። ሁለት ሜትር ለመቆጠብ ጠርዟን ያስታከከ ዕለት። እትዬ መዶሻ በየቀኑ እርሳስ ይዘው ሲመላለሱ፣ ብስኩቱን ሲያመጡለት፣ ማስረጃቸው ሙሽሪት ሆድ ውስጥ ወረፋ ይጠብቅ ነበር።

ወዲያው ሊደውልላቸው ስልኩን አነሣ፤ አስቀመጠው። ከዚያ ሰበብ መሰብሰብ ጀመረ፤ ለዚህ ለዚህ ሰነፍ አይደለም። ምናልባት የካሜራ እንከን ይሆናል፣ ላጣራ። አጣራ፤ እንከን አይደለም። ምናልባት ዕረፍት ላይ ናቸው፣ ልባቸውን አላውክ። ምናልባት ከፎቶው ጋር አንድ ሁለት የሚያጽናና ነገር ይዤ ብሄድ። ለኪሎሜትርም አሳየው። «ቆንጆ ነው፤ ግን አንመለስም አይደል? ታዲያ ለምን ሰው እናስለቅሳለን» አለው። የኪሎሜትር ምክር ልክ መስሎ የተሰማው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ ያ እንኳ ሊያስደነግጠው ይገባ ነበር።

ሚስቱ ማንኪያውን ሾርባ ውስጥ እንደተከለ መፍዘዙን አይታ ጠየቀችው። ሁሉንም ነገራት፤ ስለ ሰባት ቁጥሯ ጭምር። ሰምታ ስትጨርስ ጠረጴዛውን መወልወል አቆመች።

«መቼ ነው ፎቶውን ያየኸው?»

«አሥራ አንድ ቀን ሆነኝ።»

«ፎቶ ከማርስ በሩብ ሰዓት ይመጣል ስትለኝ አልነበር? እትዬ ቤት እኮ ሁለት ፌርማታ ነው፣ አንተ ሰው!»

ጫማውን አቀበለችው።

እትዬ መዶሻ የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ነው። መስኮቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ በእያንዳንዱ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፏል። በሩን ከፍተው ሲያዩት ፊታቸው በራ።

«ሹፌር! በአውቶቡስ ነው የመጣኸው ወይስ ነድተህ? ነድተህ ከሆነ ጎረቤት ላስጠንቅቅ።»

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ፎቶውን ከፖስታው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እትዬ መዶሻ አጉሊ መነጽራቸውን ፈልገው አጎነበሱ። ከዚያ ትንፋሻቸው መነጽሩን እስኪያደበዝዘው ተጠጉና «ዓይን-አፋር ነች» አሉ። «እያት እንግዲህ፤ ገልጣ አሳየች። አረንጓዴ። መዳብ ነው ልጄ! ውሃ ነክቶት የዛገ መዳብ!» እጁን ይዘው ነቀነቁት፤ የልጅ ሳቅ ሳቁ። ሹፌሩ ያችን ሳቅ መስማቱን መቋቋም አቃተው።

«እትዬ፣ ሲስተሙ ራሱ አይደለም የሰረዛት። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰባተኛው ቀን ላይ አውቄያለሁ። ስምንተኛው ቀን ላይ ሲጠይቁኝ... የለችም ነበር።»

እጁን ለቀቁት፤ ቀስ ብለው፣ እንደሚሰበር ዕቃ።

«ይኼን ፎቶ መቼ አየኸው?»

ነገራቸው።

በጣታቸው ቆጠሩ። «ደብዳቤዬን የላክሁት በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ነው። ትናንት ታተመ። ያ ሳሙና ያሉት ሰውዬ፣ እስካሁን አሉ እኮ፣ ስልክ ደውለው ስለ ታማኝነቴ አመሰገኑኝ።» ፎቶውን መልሰው አዩት። «ስለ ድንጋይቱስ ይሁን። አለቃ አለህ፣ እንጀራ ነው፤ ይገባኛል። እነዚህን አሥራ አንድ ቀናት ግን የት ላድርጋቸው?»

ሹፌሩ ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ። በእጃቸው አስቆሙት።

«ወረቀት እዚያ መሳቢያ ውስጥ አለ። ዓይኔ ደክሟል፤ አንተ ጻፍ።»

ለመጽሔቱ የሚላክ አዲስ ደብዳቤ አስጻፉት። የቀድሞውን ጽሑፌን ያነሣሁት ቸኩዬ ነው፤ ማስረጃው ይኸው ፎቶ ነው፤ ቦታው፣ ቀኑ፣ ጎማው። ቃላቸው ቀጥ ያለ ነበር። ከዚያ «ድንጋይቱ ያልተሰረሰረችበትን ምክንያት አንተ ጨምርበት» አሉት።

«በቴክኒክ ምክንያት...» ብሎ ጻፈና አነበበላቸው።

«ሰርዝ።»

«ጥያቄው ከዝርዝር በመሰረዙ...»

«ማን ነው የሰረዘው? ስም የለውም? ሰርዝ።»

ብዕሩን ወረቀቱ ላይ እንዳስነካ ቆየ። ትንሽ የቀለም ነጠብጣብ ተንጣለለች። ከዚያ፣ ባልተለመደ ዝግታ፣ «የሮቨሯ ሹፌር አውቆ ስላለፋት፣ ተጠይቆም ስለዋሸ» ብሎ ጻፈ፤ የራሱን ሙሉ ስምም ከሥሩ አኖረ። አነበበላቸው። «ቀጥል» ብቻ አሉት።

ቢቀጥል ብዙ የሚቀር አልነበረም። ማንም ይህን አንብቦ «ሄዳችሁ አረጋግጡ» ቢል መሄድ እንደማይቻል ሁለቱም ያውቃሉ። አንድ ፎቶ፣ አንዲት ጥፍር የምታህል አረንጓዴ፤ ሳሙና ያሉት ሰውዬ የካሜራ እንከን ነው ይላሉ፣ የሚመልስላቸው የለም። ፖስታውን ሲያሽግ እትዬ መዶሻ መስኮቱ ጋ ቆመው ድንጋዮቻቸውን አንድ በአንድ በጣት እየነኩ ነበር።

«ሙሽሪት አሁን ከዓይን-አፋር ምን ያህል ትርቃለች?»

«ሸንተረሩ ሥር ነው ያለችው፤ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ እትዬ።»

«ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም» አሉ፤ ለራሳቸው ያህል። «በወጣትነቴ ቢሆን ከምሳ በፊት በእግሬ ደርሼ ይዣት እመለስ ነበር።»

ሹፌሩ የፖስታውን ጠርዝ ደግሞ ደጋግሞ በአውራ ጣቱ ይጫነው ነበር፤ ከታሸገ ቆይቷል።